ዛፍ በሌለበት ደረቅ ተራራ የሚኖረው ኤልክ

ኤልክ የሚባል የዱር እንስሳ አለ። የሚኖረው በሰሜን አሜሪካና በእስያ ነው። በአገራችን ስለማይገኝ የአማርኛ ስም አልወጣለትም፤ እኛም ኤልክ እያልን እንቀጥላለን። በሩቅ ላየው ሰው አጋዘን ይመስላል። ሰውነቱ ግን ከባድ ነው። አንድ የደረሰ ወንድ ኤልክ 300 ኪሎ ግራምና ከዚያም በላይ ይመዝናል፤ ከደህና የእርሻ በሬ አያንስም ማለት ነው። እንስቲቱ አነስ ትላለች። የአንገቱ ጠጉር ረዘም ያለና ጠቆር ያለ ነው፤ ከበስተኋላው በጭራው ዙሪያ ነጣ ይላል።

ከአጋዘን የሚለይበት ዋናው ነገር ቀንዱ ነው። የባሌ ደጋ አጋዘን ቀንድ፣ እንደ በሬና እንደ ፍየል ቀንድ ሁሉ፣ አንዴ ከበቀለ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አብሮት ይኖራል። ካልተሰበረ በቀር አይወድቅም። የኤልክ ቀንድ ግን በየዓመቱ ይወድቃል። በየካቲትና በመጋቢት ወር ገደማ ቀንዱ ከሥሩ ይላቀቅና መሬት ላይ ይቀራል። ወዲያው አዲሱ ይጀምራል። ሲያድግ ደም በሚዘዋወርበት ለስላሳ ቆዳ ተሸፍኖ ነው። በደንብ በሚያድግበት ጊዜ በአንድ ቀን ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ሊረዝም ይችላል። ነሐሴ ሲደርስ ቆዳው ይደርቃል፤ እንስሳውም በቁጥቋጦ ላይ እያሻሸ ይገፈዋል። የሚቀረው እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ያለው ደረቅ አጥንት ነው። ሁለቱ ቀንዶች አንድ ላይ እስከ 18 ኪሎ ግራም ሊመዝኑ ይችላሉ። ቀንድ ያለው ወንዱ ብቻ ነው።

ይህን የሚያህል አጥንት በጥቂት ወራት ውስጥ ለማብቀል ምን ያህል መኖ እንደሚያስፈልግ እናንተ ከብት አርቢዎቹ ከማንም ይበልጥ ትገምታላችሁ። ታዲያ እንዲህ ያለው እንስሳ ዛፍ በሌለበት፣ ዝናብ በጠፋበት ተራራ ላይ እንዴት ሊኖር ይችላል? ይህ ጥያቄ የሳይንስ ሰዎችን ለብዙ ዓመታት አነጋግሯል። ጥያቄው በወረቀት ብቻ የሚቀር አልነበረም። የገበሬ ስንዴም አለበት።

ከመቀጠላችን በፊት ስለ ዘመን አቆጣጠር አንድ ነገር እንበል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ወራቱን ግን በእኛ ስም እንጠራቸዋለን። ደግሞም እዚያ አገር ወቅቱ ከእኛ የተለየ ነው። እኛ ዘንድ ክረምት ገብቶ ዶፍ በሚወርድበት በሐምሌና በነሐሴ እዚያ ፀሐይ ያቃጥላል፣ መሬቱ ይሰነጠቃል። በረዶው የሚወርደው በታኅሣሥና በጥር ነው።

ቦታው በአሜሪካ በስተሰሜን ምዕራብ የሚገኝ ዋሽንግተን የሚባል ክፍለ ሀገር ነው። ዋሽንግተን ከምትባለው ዋና ከተማ ጋር እንዳይምታታ፤ ሁለቱ በጣም የተራራቁ ናቸው። በክፍለ ሀገሩ መካከል ካስኬድ የሚባል የተራራ ሰንሰለት ከሰሜን ወደ ደቡብ ተዘርግቷል። ከባሕር የሚመጣው ደመና ተራራው ላይ ሲደርስ ውሃውን ያራግፋል። ስለዚህ ከተራራው በስተምዕራብ ያለው አገር ደን ነው፤ በስተምሥራቅ ያለው ደረቅ ነው። በደረቁ ወገን፣ ኮሎምቢያ በሚባለው ትልቅ ወንዝ አጠገብ፣ በዓመት የሚጥለው ዝናብና በረዶ ሁሉ ቢደመር 170 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች። ልዩነቱን ከዚህ መገመት ይቻላል።

በዚህ ደረቅ አገር ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ራትልስኔክ የሚባል ረዥም ተራራ አለ። ስሙ ጭራውን እያንኳኳ የሚያስጠነቅቅ የእባብ ዓይነት ስም ነው። በተራራው ላይ ዛፍ የለም ማለት ይቻላል። ያለው ሣርና ቁጥቋጦ ነው። ዋናው ቁጥቋጦ የእኛው የጭቁኝና የአሪቲ ዘመድ ነው፤ ቅጠሉ አመድማ፣ ሽታው ኃይለኛ፣ ቁመቱ አንዳንድ ቦታ ከሰው ይበልጣል። ጥቂት ምንጮች አሉ፤ ነፋሱ ግን አያድርስ ነው።

የዚህ ምድር ታሪክ ያሳዝናል። በ1943፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ የአሜሪካ መንግሥት በኮሎምቢያ ወንዝ ዳር ያለውን ሰፊ መሬት ለጦር ሥራ ወሰደ። ሃንፎርድና ኋይት ብላፍስ በሚባሉ ትንንሽ ከተሞች የነበሩት ገበሬዎች ፍሬያቸውን ሳይለቅሙ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ልቀቁ ተባሉ። ከነሱ በፊት ለብዙ ዘመን በወንዙ ዳር ዓሣ እያጠመዱ የኖሩት ዋናፐም የሚባሉት የአገሬው ተወላጆችም ተገፉ። በቦታው ለአቶሚክ ቦምብ የሚሆን ፕሉቶንየም የሚባል ነገር የሚመረትበት ፋብሪካ ተሠራ። በ1945 በጃፓን በናጋሳኪ ከተማ ላይ የወደቀው ቦምብ ፕሉቶንየም የመጣው ከዚህ ነው። የመጨረሻው ማምረቻ የቆመው በ1987 ነው።

የራትልስኔክ ተራራ ከፋብሪካው ርቆ ያለ የመጠበቂያ መሬት ነበር። ማንም እንዳይገባበት ታጠረ። አይታረስም፣ አይታደንበትም። በ1967 ወደ 312 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆነው መሬት፣ በእኛ የድሮ አለካክ 780 ጋሻ ገደማ ማለት ነው፣ የደረቅ አገር ተክልና እንስሳ መጠኛ ስፍራ ተብሎ ተከለለ። እንግዲህ መሬቱ ሳይነካ የቀረው ለአራዊት ታስቦ አልነበረም። ሰው ስለተባረረበት ነው። ይህን ሳይናገሩ የአራዊቱን ጥበቃ ብቻ ማሞገስ ለእኔ ልክ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ኤልኩ እንመለስ። ኤልክ በድሮ ዘመን በሜዳውም በተራራውም ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት ጠመንጃ የያዘ ሰፋሪ ሜዳውን ሲሞላው ኤልኩ አለቀ፤ የተረፈው በሩቅ ተራራና ደን ውስጥ ብቻ ቀረ። የሎውስቶን በሚባለው ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ብዙ ተርፎ ስለነበር፣ ከዚያ እየተያዘ በባቡር ወደ ሌሎች ቦታዎች ተላከ። በ1913 ወደ ዋሽንግተን፣ ከራትልስኔክ በስተምዕራብ ወዳለው ያኪማ ወደሚባለው አካባቢ የመጣ አለ። እዚያ በደኑ ውስጥ ተራባ። ሰውም ከጊዜ በኋላ ኤልክ የደን እንስሳ ነው ብሎ አመነ። ያለ ዛፍ ጥላ ሐሩሩን አይችልም፣ ያለ ዛፍ መጠለያ ብርዱን አይችልም ይባል ነበር።

በ1972 የብርድ ወራት ጥቂት ኤልኮች ደኑን ትተው በስተምሥራቅ ወደ ራትልስኔክ መጡ። ብርዱ ሲያልፍ ወደመጡበት ይመለሳሉ ተብሎ ተጠበቀ። አልተመለሱም። እዚያው ወለዱ። ያን ጊዜ ነው የሳይንስ ሰዎች ነገሩን ልብ ብለው መከታተል የጀመሩት።

የዱር እንስሳ ማጥናት ማለት ምን ማለት ነው? ከብት ቢሆን ታስሮ ይታያል። ኤልክ ግን ሰው ሲያሸትት ሁለት ኮረብታ አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ የሚያጠናው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው እንስሳውን ሳይሆን ትቶት የሄደውን ነው። ዱካውን፣ የተኛበትን ቦታ፣ የጋጠውን ሣር፣ በጠጡን። በጠጡ ብዙ ነገር ይናገራል። ኤልክ እንደ በሬና እንደ ፍየል የሚያመሰኳ እንስሳ ነው፤ ግን የበላው ሁሉ አይልምለትም። የቅጠሉ ቆዳ ቁርጥራጭ በበጠጡ ውስጥ ይወጣል። ይህ ቁርጥራጭ ከጥቃቅን ነገር ማጉያው ከማይክሮስኮፕ ሥር ሲታይ እያንዳንዱ ተክል የራሱ መልክ አለው። ባለሙያው አንድ በአንድ እየቆጠረ ይህ ከሣር፣ ይህ ከቅጠላ ቅጠል፣ ይህ ከቁጥቋጦ የመጣ ነው ይላል። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ነገር ግን እንስሳው ምን እንደበላ ሳይያዝና ሳይገደል ይታወቃል።

ዕድሜውስ? እናንተ በሬ ስትገዙ ከንፈሩን ገልጣችሁ ጥርሱን ታያላችሁ። እነሱም ያንኑ ያደርጋሉ። ልዩነቱ ጨምረው መሄዳቸው ነው። አዳኝ የገደለው ኤልክ ሲገኝ ጥርሱ ይነቀልና በጣም ስስ ሆኖ ይቆረጣል። በጥርሱ ሥር ላይ እንደ ግንድ ውስጥ ክብ ያለ መስመር በየዓመቱ ይጨመራል። መስመሩን መቁጠር ዕድሜውን መቁጠር ነው።

የት ውሎ የት እንደሚያድር ለማወቅ ግን በጠጥና ጥርስ አይበቃም። ለዚህ የሚያገለግለው የራዲዮ ማሰሪያ ነው። ኤልኩ በመረብ ይያዛል ወይም በመድኃኒት ይደነዝዛል። ዓይኑ በጨርቅ ሲሸፈን ረጋ ይላል፤ ይህንንም በቅሎ ያስጫነ ሰው ያውቀዋል። ከዚያ ትንሽ ራዲዮ ያለበት ማሰሪያ በአንገቱ ላይ ይደረግለትና ይለቀቃል። ይህ ራዲዮ ዜና አያወራም፤ ጢክ ጢክ እያለ ድምፅ ብቻ ይሰጣል። ድምፁን የሚቀበል መሣሪያ የያዘ ሰው ከኮረብታ ላይ ቆሞ ድምፁ ከየት አቅጣጫ በኃይል እንደሚመጣ ይለያል። አህያ ጠፍታ ከሩቅ ስታናፋ አንዱ ሰው በዚህ ኮረብታ፣ ሌላው በዚያ ኮረብታ ሆነው ድምፁ ወደመጣበት ጣታቸውን ቢቀስሩ፣ ሁለቱ ጣቶች የሚገናኙበት ቦታ አህያዋ ያለችበት ነው። የራዲዮውም ሥራ ይኸው ነው። እንስሳው ሞቶ ለብዙ ሰዓት ሳይንቀሳቀስ ከቆየ የድምፁ ፍጥነት ይለወጣል፤ የሚያጠናውም ሰው ሄዶ ምን እንደገደለው ይመረምራል።

የዚህ መሣሪያ መጀመሪያ ቀላል አልነበረም። በ1970 ዋዮሚንግ በሚባል ሌላ ክፍለ ሀገር ወንድማማቾቹ ፍራንክና ጆን ክሬግሄድ ሞኒክ ብለው በሰየሟት አንዲት ኤልክ አንገት ላይ ማሰሪያ አሰሩ። ድምፁን የሚቀበለው ኒምበስ 3 የተባለ በሰማይ የሚዞር ሳተላይት ነበር። ከሰማይ ላይ የዱር እንስሳን መከታተል የተሞከረው ያን ጊዜ ነው። ግን ማሰሪያው ከ10 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝን ነበር። የአንድ ትንሽ በግ ክብደት በአንገት ተሸክሞ መዋል ማለት ነው! ሞኒክ በዚያው ዓመት ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ዛሬ ለኤልክ የሚታሰረው ከ1 ኪሎ ግራም ብዙ አይበልጥም፤ በሳተላይት እየታገዘም ሌትና ቀን ያለበትን ቦታ ይመዘግባል።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ መሣሪያ ሳያስፈልግ አፍ መክፈት ብቻ ይበቃል። በዚያው በዋዮሚንግ መንግሥት በብርድ ወራት ለኤልክ ድርቆሽ ያቀርብ ነበር። ድርቆሽ እየበሉም ብዙዎቹ ይሞቱ ነበር። ሰው ሁሉ ረሃብ ነው ወይም ብርድ ነው ይል ነበር። በ1927 ኦላውስ ሙሪ የተባለ ተመራማሪ ምክንያቱን እንዲያጠና ተላከ። የሞቱትን እየዞረ አፋቸውን ከፈተ። አፋቸው ቆስሎ በስብሶ አገኘው። በድርቆሹ ውስጥ ጫፉ እንደ እሾህ የሾለ የሣር ዘር ነበረበት። ዘሩ ድዳቸውንና ምላሳቸውን ይወጋል፤ በቁስሉ በኩል የበሽታ ተሕዋስ ይገባል። ሊያድናቸው የቀረበው መኖ ራሱ ገዳይ ነበር ማለት ነው። ሙሪ ስለ ሰሜን አሜሪካ ኤልክ የጻፈው መጽሐፍ በ1951 ታትሟል።

እንግዲህ በራትልስኔክ ምን ተገኘ? በ1980ዎቹ ዓመታት ተመራማሪዎች ከመንጋው ውስጥ አንዳንዶቹን የራዲዮ ማሰሪያ አስረው ተከተሏቸው። ኤልኮቹ ዓመቱን በሙሉ እዚያው ይኖራሉ። ወደ ደኑ የሚመለሱበት ምክንያት የላቸውም። በሐሩር ጊዜ በጠዋትና በማታ፣ እንዲሁም በሌሊት ይግጣሉ። ፀሐይ ስትበረታ በረዘመው ቁጥቋጦ ሥርና በሸለቆ ውስጥ ይተኛሉ፣ ያመሰኳሉ። በፀደይ ለምለሙን ሣርና ቅጠላ ቅጠል ይበላሉ። ከምንጮቹ ይጠጣሉ። ዛፍ ይሰጣል የተባለውን ጥላ ቁጥቋጦውና የመሬቱ አቀማመጥ ሰጣቸው።

እንስቶቹም በደንብ ይወልዳሉ። ወንዱ እንስቲቱን የሚፈልገው በመስከረም ነው። ያን ጊዜ ከእንዲህ ያለ ግዙፍ ገላ ይወጣል የማይባል ቀጭን፣ እንደ ዋሽንት ወደ ላይ የሚወጣ ጩኸት ይጮኻል። ወንዶቹ ይዋጋሉ፤ መብላት እንኳ ስለሚረሱ ይከሳሉ። እንስቲቱ ስምንት ወር ከግማሽ ያህል ተሸክማ በግንቦት መጨረሻ ወይም በሰኔ ትወልዳለች። ግልገሉ 15 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ ገላው ነጠብጣብ አለበት፣ ሽታው በጣም ትንሽ ነው። መጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ሳምንታት ቁጥቋጦ ሥር ተጣብቆ ይተኛል፤ እናቱ እየመጣች አጥብታው ትሄዳለች። አጥር ባለበት፣ አዳኝ በማይገባበት፣ ትልቁን ኤልክ የሚጥል አውሬ እምብዛም በሌለበት አገር ብዙው ግልገል አደገ።

የዛፉ ጉዳይ በሌላ ቦታም በፈተና ታይቷል። ከዋሽንግተን በስተደቡብ በሚዋሰነው በኦሪገን ክፍለ ሀገር ተመራማሪዎች ለማዳ ኤልኮችን ከፋፍለው ግማሾቹን ጥቅጥቅ ባለ ደን፣ ግማሾቹን ሳሳ ባለ፣ ሌሎቹን ዛፉ በተቆረጠበት ገላጣ በረት አኖሩ። መኖውን እኩል ሰጧቸው፤ በየጊዜውም መዘኗቸው። ውጤቱ በ1998 ታተመ። በሐሩር ወራት ጥላው ልዩነት አላመጣም። በብርድ ወራት ደግሞ ይበልጥ የከሱት ጥቅጥቅ ባለው ደን ውስጥ የነበሩት ሆኑ! ምክንያቱ ፀሐይ ስለማያገኙ ነው። ኤልክን የሚይዘው ዛፉ አይደለም፤ መኖውና ሰላሙ ነው። በዚሁ ክፍለ ሀገር ስታርኪ በሚባል ታጥሮ በሚጠና ደን ውስጥ ደግሞ ኤልክ መኪና ከሚበዛበት መንገድ እንደሚርቅ፣ የቀንድ ከብትም ወደ ግጦሹ ሲገባ ቦታውን ለቆ እንደሚሄድ በራዲዮ ታይቷል።

መንጋው እንዴት በፍጥነት እንደሚያድግ ለማየት ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። በመጀመሪያ 10 ነበሩ እንበል። በየአራት ዓመቱ እጥፍ ቢሆኑ፣ ከአራት ዓመት በኋላ 20፣ ከስምንት ዓመት በኋላ 40፣ ከዚያ 80፣ 160፣ 320፣ በ24 ዓመት 640 ይሆናሉ። ይህ ለምሳሌ ያህል ነው። እውነተኛው ቁጥር ግን ከዚህ ብዙ አልራቀም፤ በ1972 ጥቂት የነበረው መንጋ በ1999 ከ800 በላይ ሆኖ ተቆጠረ።

የሚቆጠረው በብርድ ወራት በሄሊኮፕተር ነው። ከሰማይ ሲታይ ሁሉም አይገኝም፤ አንዳንዱ በሸለቆ ውስጥ ያመልጣል። ያመለጠውን ለመገመት ማሰሪያው እንደገና ይረዳል። ማሰሪያ ያላቸው 20 ናቸው እንበል። ቆጣሪው 18ቱን ብቻ አየ። ስለዚህ ከ10 አንዱን ስቷል ማለት ነው። ማሰሪያ ከሌላቸውም ከ10 አንዱን ስቷል ብሎ ይጨምራል። እንዲህ ያለው ሒሳብ ባይኖር ገበሬው ሁለት ሺህ ናቸው፣ የመሬቱ ጠባቂ አራት መቶ ናቸው እያሉ እንደተከራከሩ ይቀሩ ነበር።

ክርክሩም የመጣው በስንዴ ነው። ከታጠረው መሬት ውጭ፣ በስተምዕራብና በስተደቡብ፣ ገበሬዎች ስንዴ ያመርታሉ። የከብት አጥር ለኤልክ ምንም አይደለም፤ ይዘለዋል። አንድ ኤልክ በቀን ወደ 6 ኪሎ ግራም ደረቅ መኖ ይበላል ብንል፣ 800 ኤልክ በቀን 4,800 ኪሎ ግራም፣ ማለትም 48 ኩንታል ይበላል። ሁሉም ከስንዴ አይደለም እርግጥ ነው። ነገር ግን የተኛበትንና የረገጠውን ጨምሩበት። ሌሊት የመንጋ ድምፅ ሰምቶ ጠዋት ማሳው ተደፍቶ ያገኘ ሰው ሐዘኑ ምን እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ዝንጀሮና ከርከሮ ያስተምራሉ።

ለምን አይታደኑም? ይታደናሉ እንጂ፣ ከአጥሩ ውጭ። ችግሩ ኤልክ ሞኝ አለመሆኑ ነው። ጠመንጃ የሚተኮሰው የት እንደሆነ፣ የማይተኮሰው የት እንደሆነ ለይቶ ያውቃል። በጨለማ ወጥቶ ይበላና ተኩስ ሲሰማ ወደ ታጠረው መሬት ይገባል። አዳኙ አጥሩ ጋ ደርሶ ይቆማል። አንዱ መሥሪያ ቤት መሬቱን ይጠብቃል፣ ሌላው አራዊቱን ያስተዳድራል፤ በመካከል የሚጎዳው ገበሬ ነው። በዋሽንግተን ሕግ ኤልክ ሰብል ላበላሸበት ገበሬ መንግሥት ካሣ ሊከፍል ይችላል። ጉዳቱ ግን መለካት አለበት። አንዱ የመለኪያ መንገድ በማሳው ውስጥ ትንንሽ ቦታዎችን በሽቦ ማጠር ነው። ኤልክ ካልነካው ትንሽ ቦታ የተገኘው እህልና ከተበላው እኩል ቦታ የተገኘው እህል ጎን ለጎን ይመዘናል፤ ልዩነቱ የኤልኩ ድርሻ ነው። በዓይን ግምት ብቻ ቢሆን ካሣ ከፋዩ ሁልጊዜ ያሳንሰዋል፣ ተቀባዩም ያበዛዋል።

በ2000 ከመንጋው ከመቶ በላይ የሚሆኑት ተይዘው በመኪና ወደ ሌሎች የዋሽንግተን ተራሮች ተወሰዱ። ሁሉንም የማስወጣት ሐሳብ አልነበረም፤ መሬቱና ጎረቤቱ የሚችለውን ያህል ለማስቀረት ነው። ምን ያህል ይቅር የሚለው ራሱ ክርክር ነው። የአራዊት መሥሪያ ቤቱ 350 ገደማ ቢሆን ይበቃል ሲል ነበር። ለገበሬው ይህም ብዙ ነው። ኤልክ ለማየትና ለማደን ለሚፈልገው ሰው ደግሞ ትንሽ ነው።

በዚያው ዓመት በሰኔ መጀመሪያ መሬቱ የሃንፎርድ ሪች ብሔራዊ ቅርስ ተብሎ በመንግሥት ታወጀ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ እሳት ተነሣ። በአውራ ጎዳና ላይ ሁለት መኪናዎች ተጋጭተው በመንገዱ ዳር ያለው ደረቅ ሣር ተቀጣጠለ፤ ነፋሱም አገዘው። በጥቂት ቀናት 66,000 ሄክታር ያህል ተቃጠለ፤ የራትልስኔክ ተራራ ግጦሽም አብዛኛው በዚህ ውስጥ ነበር።

እሳቱን እንዲህ ያፈጠነው አንድ አረም ሣር ነው። እንደ እንክርዳድ ሁሉ ከእህል ዘር ጋር ተቀላቅሎ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ገና በብርዱ ማብቂያ ይለመልማል፣ ያን ጊዜ ኤልኩም ይበላዋል። ሰኔ ሲገባ ግን ደርቆ እንደ ገለባ ይሆናል። በየቁጥቋጦው መካከል ባዶ የነበረውን መሬት ስለሚሞላው እሳቱ ሳይቋረጥ ይሄዳል። የአገሩ ነባር ሣር ከተቃጠለ በኋላ ከሥሩ ያቆጠቁጣል። አመድማው ቁጥቋጦ ግን አያቆጠቁጥም። ከነሥሩ ይሞታል፤ የሚመለሰው ከዘር ብቻ ነው፣ ያውም ብዙ ዓመት ወስዶ።

ኤልኩ በቀትር የሚጠለልበት ያ ቁጥቋጦ ነበር። ስለዚህ ከእሳቱ በኋላ ሰዎች የቁጥቋጦውን ዘር ለቅመው፣ በችግኝ ጣቢያ አፍልተው፣ በተቃጠለው ተራራ ላይ በእጅ ተክለዋል። ችግኙ የሚተከለው መሬቱ እርጥበት ሲያገኝ፣ ከበረዶው ወራት በፊት ነው። ሥሩ ወደ ታች ሳይወርድ የሐምሌ ፀሐይ ከደረሰበት ይደርቃል። መንጋው ዛሬም እዚያው ተራራ ላይ አለ፤ ሌሊት ወደ ስንዴው መውረዱንም አልተወም።